ማንኪያውን አየን

«እርስዎን ነው የምንጠብቀው፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አለች ኬኔ፣ የአውቶቡሱን በር በአንድ እጇ እንደያዘች።

አዴ ቀለሟ ቆም ብለው አዩአት። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ቅል እንደ ሕፃን ያቀፉ ሴት ናቸው። የወጡት ወደ ቢላ ከተማ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ነበር። ትናንት መናኸሪያ ድረስ ሄደው፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ እንዳላቸው ለአንድ ተራ አስከባሪ ነግረውት፣ «ግድ የለም ሀርሜ፣ ነገ ፊት ወንበር አስይዝልዎታለሁ» ብሏቸው ነበር። አሁን እዚሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቁ፣ አውቶቡስ ቆሞ አንዲት ጨዋ ልጅ «እርስዎን ነው የምንጠብቀው» ስትላቸው ነገሩ አልገረማቸውም። የገረማቸው ተራ አስከባሪ ቃሉን መጠበቁ ነው።

«ቢላ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ቢላ ነን።»

«ፊት ወንበር?»

«ፊት ወንበር ነው ያዘጋጀንልዎ።»

«ሒሳቡስ?»

«ኧረ የምን ሒሳብ! ነጻ ነው።»

አዴ ቀለሟ ተራ አስከባሪውን ከነዘር ማንዘሩ መርቀው ገቡ።

ኬኔ በበኩሏ የምትጠብቀው ሌላ ሰው ነበር። የምርጫ ቅስቀሳው አስተባባሪ ጋሩማ ከዋዜማው ጀምሮ አደራ ብሏታል። «የእናቶች ተወካይ ትመጣለች። ነጠላ ለብሳለች። ፊት አስቀምጫት፣ ቲሸርት አልብሻት፣ ቆብ አድርጊላት። እናት የሌለበት የቅስቀሳ አውቶቡስ የወጠጤ ጭነት ነው የሚመስለው።» በነቀምቴ ከተማ ነጠላ የለበሰች እናት አንዲት ብቻ እንዳልሆነች ኬኔ አልጠፋትም። ስም መጠየቅ ነበረባት። ግን ትልቅ ሰውን «ማን ልበል?» ማለት ለእሷ ሁልጊዜ እንደ ድፍረት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሳትጠይቅ ቢጫውን ቲሸርት በአዴ ቀለሟ ቀሚስ ላይ አጠለቀችላቸው፤ ቆቡንም ከሻሻቸው በላይ አስቀመጠችው።

«ድሮ አውቶቡስ ውስጥ ከረሜላ ነበር የሚሰጡት» አሉ አዴ ቀለሟ፣ ደረታቸው ላይ የተሳለውን እያዩ። «ይሄ ምንድን ነው? ማንኪያ ነው?»

ማንኪያ ነው። ፓርቲው የምርጫ ምልክት ለመውሰድ ሲሄድ ዘግይቶ ነበር አሉ። ፀሐዩም፣ ዛፉም፣ መብራቱም በቀደሙት ተወስደው የቀሩት ማንኪያና ወንፊት ብቻ ሆኑ። ወንፊት ያፈሳል ተብሎ ማንኪያ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ ጋሩማ በሄደበት ሁሉ «ማንኪያ ማለት ፍትሐዊ ክፍፍል ማለት ነው» እያለ ያስረዳል፤ ሰዉም በሄደበት ሁሉ «ለመብላት ነው የመጣችሁት?» እያለ ይጠይቀዋል። በአውቶቡሱ ጎን ላይ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አንድ ትልቅ ማንኪያ ተስሏል። ከሩቅ ሲያዩት አካፋ ይመስላል።

ኬኔ ከዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች። በጎ ፈቃደኛ ያደረገቻት እናቷ ናት። «ከሰው ካልተቀላቀልሽ ሥራው በሩን አንኳኩቶ ይመጣልሻል?» ብላ። ኬኔ ግን ከሰው መቀላቀል የምትችለው ሰው ሲያወራ ዝም ብላ በመስማት ነው። ስለዚህ የተሰጣት ሥራ የፓርቲው ስም የታተመባቸውን የፕላስቲክ ማንኪያዎች ካርቶን መሸከም ሆነ። ሌሎቹ መፈክር ሲያሰሙ እሷ ታጨበጭባለች፤ እሱንም ትንሽ ዘግይታ።

አውቶቡሱ ከከተማው ሲወጣ ጋሩማ ተነስቶ ፊሽካውን ነፋ። ድሮ የስፖርት መምህር ነበር፤ መምህርነቱን ሲተው ፊሽካውን አልተወም።

«እህቶችና ወንድሞች! አደራ፣ ሰላምታ እንዳታበዙ! እንዴት አደራችሁ፣ ከዚያ ማንኪያ። እንዴት አደራችሁ፣ ማንኪያ። በዚህ አገር ሰላምታ ከጀመራችሁ ልጁ፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ዝናቡ ሲባል ምርጫው ያልፋል። ገባችሁ?»

«ገብቶናል!»

«አሁን የእናቶች ተወካያችን አንድ ቃል ይሉናል» አለና የድምፅ ማጉሊያውን ለአዴ ቀለሟ ዘረጋ።

አዴ ቀለሟ መንገድ በጸሎት እንደሚጀመር ያውቃሉ። በማጉሊያ መሆኑ አዲስ ቢሆንባቸውም ዘመኑ ነው ብለው ተቀበሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለመንገዱ ጸለዩ፤ ለሾፌሩ ለተረፋ፣ ስሙን ጠይቀው፣ ጸለዩ። «ለልጄ ለሌንሳ፣ ለአራሷ፣ ጡቷን ሙላላት። ቅቤውንም ሳይፈስ፣ ሳይቀልጥ አድርስልኝ» አሉ።

«አሜን!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ።

«ቅቤው?» አለ ጋሩማ ቀስ ብሎ።

«የኢኮኖሚ ፖሊሲያችንን ማለታቸው ነው» አለ ሮብሳን። ሮብሳን የፓርቲው የማኅበራዊ ሚዲያ ኃላፊ ነው፤ ስልኩን ከፊቱ አያወርድም፣ ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አያጣም።

ጋሩማ ጎንበስ ብሎ አዴ ቀለሟን ሁለት ሦስት ነገር ጠየቃቸው። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። ወደ ኬኔ መጣ።

«ማን ናቸው እኚህ ሴትዮ?»

የኬኔ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። «ነጠላ... ነጠላ ለብሳለች ብለውኝ ነበር።»

ጋሩማ ወደ እውነተኛዋ ተወካይ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። መስኮቱን አየ፤ ከተማው ከኋላ ቀርቷል። አዴ ቀለሟን አየ፤ ቆቡ አምሮባቸዋል። «መቼም እናት እናት ናት» አለ በመጨረሻ። «ይቀመጡ። ግን ፎቶ ላይ ቅሉን ደብቂልኝ።»

ኬኔ ይቅርታ ልትላቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። አዴ ቀለሟ መኪናው የምርጫ መሆኑን ሲሰሙ ብዙም አልደነገጡም። «ጎማ አለው አይደል?» አሉ። ያሳሰባቸው ሌላ ነው።

«ዛሬ የልጄ ሸነን ነው። ከወለደች አምስተኛ ቀኗ። ሴቶቹ ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፤ ገንፎው መሀል የሚፈሰው ቅቤ ደግሞ ከእናት ቤት ሲመጣ ነው የሚያምረው። የመጀመሪያውን ስትወልድ መንገድ ተዘጋ። ተኩስ ነበር፣ መኪና አይንቀሳቀስም። ቅቤዬ እዚሁ እጄ ላይ ሻገተ። የባሏ እናት ሸዋገነት በራሷ ቅቤ አረሰቻት።»

«ደግ ሴት ናቸዋ።»

«ደግ ናት። ክፋቷ ደግነቷን አለመርሳቷ ነው። በደወልኩ ቁጥር ‹እናት እንደሌላት በእኔ ቅቤ ነው ያረስኳት› ትለኛለች። አሁንም ከቀረሁ፣ ልጄ፣ በዚያ ቤት የእኔ ስም ሁለተኛ አይነሳም። ልጄም ቢሆን አፏ አይናገር እንጂ...» ቅሉን ጠበቅ አድርገው አቀፉት።

«ገንፎው በስንት ሰዓት ነው?»

«ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ።»

«ይደርሳሉ» አለች ኬኔ። «እኔ አደርስዎታለሁ።» አፏ ውስጥ የነበረው ‹እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል› የሚለው ነበር፤ የወጣው ግን ይሄ ሆነ።

ሲሬ ሲደርሱ ገበያ ቆሟል። ጋሩማ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁሉም ወረዱ። አውቶቡሱ ላይ ሆነው ሲጨፍሩ ብዙ ይመስሉ ነበር፤ ከገበያተኛው ጋር ሲቀላቀሉ ግን በእህል መሀል እንደተበተነ ሽምብራ እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ አሉ። ጋሩማ አንድ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥቶ በኦሮምኛ ጀመረ፣ በአማርኛ ደገመው፣ ማንም እንዳልዞረ ሲያይ በኦሮምኛ ሠለሰው። «ማንኪያ ማለት ፍትሐዊ ክፍፍል ማለት ነው! ማንኪያ ከድስቱ ወደ ሁሉም ሳህን ይሄዳል!»

በርበሬ የምትሸጥ ሴት ቀና አለች። «ማንኪያውንማ አየን፤ ገንፎውስ?»

ገበያው ሳቀ። ጋሩማም አብሮ ሳቀ፤ ሕዝቡ ጥያቄ ማንሳቱ የንቃት ምልክት ነው አለ።

ሮብሳን ከስልኩ ኋላ ሆኖ ተጣራ። «ኦቦ ጋሩማ፣ ይቅርታ፣ አልቀዳም ነበር። ከመጀመሪያው ይድገሙት።»

ከመጀመሪያው ተደገመ። በርበሬ ሻጯም፣ ትብብሯ አይጓደል ብላ፣ ጥያቄዋን ደገመች።

በዚህ መሀል አዴ ቀለሟ እግራቸውን ለማፍታታት ብለው የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ብቅ አሉ። አንዲት አላፊ «አካም ቡልተኒ?» አለቻቸው። አዴ ቀለሟም እንዴት እንዳደሩ ነገሯት። እንዴት እንዳደረች ጠየቋት። ልጆቿን ጠየቁ፣ ከብቶቿን ጠየቁ፣ ጤፉ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ሌላዋም ቆመች፤ ሌላውም ቆመ። ጥቂት ሳይቆይ የለስላሳው ሳጥን ዙሪያ ሜዳ ሆኖ፣ ሰዉ ሁሉ ደረጃው ሥር ተሰበሰበ። ቅቤው ከየት እንደተገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደተነጠረ፣ ኮረሪማ ገብቶበት እንደሆነ ይጠያየቃል። ጋሩማ ይህን ሲያይ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ደረጃው መጣ።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ይቅናችሁ። የልባችሁን ይስጣችሁ። ደጃችሁ አይዘጋ።»

«አሜን! ሮብሳን፣ ይሄን ቅዳ! ድጋፍ ነው!» አለ ጋሩማ።

«አባ» አለች ኬኔ፣ ድምጿ ለራሷ እንኳ ሳይሰማት፣ «እኛን ነው የሚመርጡት?»

ሽማግሌው በርኅራኄ አዩአት። «ልጄ፣ ትናንት የመጥረጊያዎቹን ልጆችም መርቄአለሁ። ደጅ የመጣ እንግዳ ሳይመረቅ ይሄዳል እንዴ?»

መጥረጊያ የተፎካካሪው ፓርቲ ምልክት ነው። ኬኔ ይህን ለጋሩማ አልነገረችውም። ፀሐይዋን ግን አየቻት። አዴ ቀለሟም እያዩዋት ነበር። የፊት ወንበሩ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ ስለሆነ ቅሉ ሞቆ ከኮባው ሥር ቅባት ብቅ ብሏል። ኬኔ ቅሉን ተቀብላ እቅፏ ውስጥ አደረገችውና ወደ ጋሩማ ሄደች።

«ኦቦ ጋሩማ...»

«አሁን አሁን።»

«ሴትዮዋ ቢላ...»

«እንሄዳለን፣ አሁን። አንቺ ማንኪያ አድዪ።»

ወደ ሾፌሩ ሄደች። ተረፋ ጎማው ሥር ጥላ ይዞ ቁጭ ብሏል። «እህቴ፣ እኔ የተከራየሁ ሰው ነኝ። ፊሽካ ሲነፋ እነዳለሁ፣ ሲነፋ እቆማለሁ። ከኳስ በምን እለያለሁ?»

ሲሬ ላይ ሌላ የተነገረ ነገር የለም፤ የተነገረው ግን ብዙ ጊዜ ተነገረ። በመጨረሻ አስፋልቱን ትተው በስተግራ ወደ ቢላ የሚወስደውን ፒስታ ሲይዙ ፀሐይዋ ከትከሻ በላይ ነበረች። ከጠዋቱ ዳቦ በቀር እህል የቀመሰ የለም። መዝሙሩ ቀዝቅዟል። አንድ መንደር ላይ ቆመው ሁለት ላሞችና አንድ የታሰረ ውሻ ብቻ ስላገኙ ጋሩማ «ሕዝቡ ልማት ላይ ነው» ብሎ እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ኬኔ ቅሉን እንዳቀፈች ቀሚሷ በቅቤ ርሷል። አዴ ቀለሟም በየጊዜው አንገታቸውን አስግገው ፀሐይዋን ያያሉ።

ከዚያ አንድ መገንጠያ ላይ ከፊታቸው አቧራ አዩ። አቧራው ውስጥ አንድ ሰማያዊ አውቶቡስ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ጣሪያው ላይ ግዙፍ መጥረጊያ ታስሯል።

ጋሩማ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «መጥረጊያዎቹ! ተረፋ፣ ተከተላቸው! ያን ቀበሌ ሳንደርስበት ጠርገው ሊወስዱት ነው!»

«ቢላስ?» አለ ተረፋ።

«ቢላ የትም አይሄድም! ከሰዓት እንገባለን!»

አዴ ቀለሟ ቆቡን አወለቁ። አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ቅሌን ስጪኝ» አሉ ለኬኔ። «እዚህ ያውርዱኝ። ትንሽ ነው የቀረው፤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ጉልበታቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ላይ ያለፈውን ኬኔ አየችው።

ተነሳች። «ኦቦ ጋሩማ» አለች። ማንም አልሰማም፤ ሮብሳን «ጥረጉን ካላችሁ» እያለ መጥረጊያዎቹን የሚሰድብ ግጥም ጀምሯል። ማጉሊያው ሞተሩ ክዳን ላይ ተቀምጧል። ኬኔ እስከዛሬ ነክታው አታውቅም። አነሳችው፤ ቁልፉን ተጫነች። ልትናገር ያሰበችው ነገር አምሮ ተሰድሮ ነበር፦ ጠዋት ለእኚህ እናት ቃል ገብተናል፣ ቃል ያላከበረ ፓርቲ ለማን ይታመናል፣ እናትን መንገድ ላይ ጥሎ ስለ እናቶች መብት መናገርስ እንዴት ይሆናል። ግን አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ ሲያያት የተሰደረው ሁሉ ከራሷ በነነ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«ቢላ ገንፎ አለ» አለች።

ድምጿ ተረፋን ፍሬን አስያዘው። ግጥሙ ቆመ።

«ምን አለች?»

«ገንፎ። ትኩስ። በቅቤ።» ቅሉን ከፍ አደረገችው። ሁሉም ዓይን ቅሉ ላይ፣ ከዚያም በኮባው ጠርዝ ወደ ክንዷ በሚወርደው ቅቤ ላይ አረፈ። ኮረሪማው ሸተታቸው።

ሮብሳን ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አወረደ። «ለእኛም ነው?»

አራስ ቤት፣ በዚያ ላይ በሸነን ቀን፣ የወንድ እግር እንደማይገባ ኬኔ ታውቃለች። ሮብሳንም ያውቃል፤ ጋሩማም ያውቃል። ግን የራበው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አያስታውስም። ኬኔ አዴ ቀለሟን አየች፤ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ለሁላችንም» አለች በማጉሊያው። ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ለሁሉም ይበቃል» አለች።

አዴ ቀለሟ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

«ገንፎ! ገንፎ! ገንፎ!» አለ አውቶቡሱ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ በአንድ ድምፅ የተባለ መፈክር አልነበረም። ጋሩማ አቧራውን አየ፣ ጓዶቹን አየ፣ ቅሉንም አየ። ምራቁን ዋጠ። «ፓርቲያችን» አለ፣ «የአባላቱን ድምፅ የሚያዳምጥ ፓርቲ ነው። ተረፋ፣ ወደ ቢላ!»

ተረፋ መሪውን ካዞረው ቆይቷል።

ቢላ ሲደርሱ የአራሷ ቤት በዝማሬው ታወቀ። አዴ ቀለሟ በኬኔ ተደግፈው፣ ቢጫ ቲሸርታቸውን እንደለበሱ ገቡ። ግቢው በሴቶች ሞልቷል። ከጓሮ፣ ምድጃው ፊት፣ አንዲት ረጅም ሴት የእንጨት ማማሰያ ይዘው ቆመዋል።

«አይ ቀለሟ!» አሉ ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች እያዩአቸው። «ያኔ መንገድ ተዘጋ ብለሽ ቀረሽ፤ ዛሬ ደግሞ ፓርቲ አስከትለሽ መጣሽ?»

«ብቻዬን ብመጣ ማን ያምነኛል፣ ሸዋገነት? ምስክር ይዤ ነው።»

«የደረትሽ ማንኪያ ምንድን ነው? እዚህ የጠፋ መስሎሽ ነው?»

«ገንፎውስ?» አሉ አዴ ቀለሟ። መቀለዱን ተዉት። «ተበላ?»

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። «ምን ይበላል!» አለች አንዷ። «ከጠዋት ጀምሮ ውሃው አልፈላም ይሉናል። አንጀታችን ታጠፈ እኮ።»

«እንጨቱ እርጥብ ነው» አሉ አዴ ሸዋገነት ቆጣ ብለው። «ምን ላድርግ? እፍ እፍ ብል ብል እምቢ አለኝ።»

ኬኔ እንጨቱን አየችው። ፀሐይ ላይ ከርሞ የተሰነጣጠቀ፣ ገና በእጅ ሲነካ የሚሰበር ደረቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ከምድጃው ወጥቶ ወደ ጎን ተደርድሯል። አዴ ቀለሟም አዩት። ሁለቱ ሴቶች ስለ እንጨቱ አልተነጋገሩም።

«ቅቤሽን አምጪው እንግዲህ» አሉ አዴ ሸዋገነት። «ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሰሽዋል መሰለኝ።»

«ለገንፎሽ ይበቃዋል።»

እንጨቱ ወደ ምድጃው ሲመለስ ውሃው ወዲያው ፈላ። ገንፎው ተገነፋ፤ መሀሉ ጎድጎድ ተደረገ፤ ከነቀምቴ የመጣው ቅቤ ፈሰሰበት። አዴ ቀለሟ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዘው ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌንሳ ገቡ። ሌንሳ እናቷን በቢጫ ቲሸርት ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ትከሻቸው ላይ ደፍታ ቆየች። ኬኔ ከበሩ ዞር አለች።

ውጭ፣ ከአጥሩ ባሻገር፣ የፓርቲው ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል። የገንፎው ሽታ መጀመሪያ ደረሳቸው፤ ትዝታው ቀጥሎ መጣ። ጋሩማ የአጥሩን በር ይዞ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፤ እንዳነሳው ቀረ።

«ሸነን ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

አዴ ሸዋገነት በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምንድን ናችሁ እናንተ? አራስ ቤት የወንድ ሰልፍ አይተን አናውቅም።»

«እናታችን፣ እኛ... ማንኪያዎቹ ነን» አለ ጋሩማ።

«ማንኪያ አላችሁ? እሰይ! ሴቱ ከጠበቅሁት በላይ ሆነብኝና ማንኪያ አጥሮኛል። አምጡት።»

ካርቶኑ በአጥሩ ላይ ተሻገረ። አዴ ሸዋገነት አመስግነው፣ መርቀው፣ በሩን ዘጉ።

ተረፋ አውቶቡሱን ተደግፎ ቆሟል። «ኦቦ ጋሩማ፣ ማንኪያውን ሰጠን» አለ። «ገንፎውስ?»

ማንም አልሳቀም። ሮብሳን ብቻ እጁን በአጥሩ ላይ ዘርግቶ ስልኩን ወደ ውስጥ አነጣጠረ። ሴቶቹ ማንኪያቸውን ወደ ላይ አንስተው ለአራሷ እየዘመሩ ነበር። ምስሉ ከመመለሳቸው በፊት ፌስቡክ ላይ ወጣ፦ «የቢላ እናቶች ለማንኪያ ያላቸውን የማያወላውል ድጋፍ በዝማሬ ገለጹ።» ፓርቲው ከተመሠረተ ጀምሮ ይህን ያህል የተወደደለት ነገር አልነበረም።

ኬኔ ከገንፎው በልታ፣ አዴ ቀለሟ ግንባሯን ስመዋት ወጣች። ከንፈሯ ላይ ቅቤ ቀርቷል። ወንዶቹ አዩት።

«ዋሸሽን!» አለ ሮብሳን። «ለሁላችንም ነው አላልሽም? ለሁሉም ይበቃል አላልሽም?»

ጋሩማ በእጁ ዝም አሰኘው። ኬኔን ረጋ ብሎ ተመለከታት። «ወንድ እንደማይገባ ታውቂ ነበር?»

ኬኔ ጫማዋን አየች። «አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ቃል ገባሽ?»

«አዎ።»

«እነሱም አመኑሽ።»

«ርቧቸው ነበር» አለች ኬኔ።

ጋሩማ ፊሽካውን በእጁ ያዘ። ጥግ ላይ ቆሞ በሚያፍር ተማሪ እግር ላይ ያልጠበቀውን ፍጥነት ያየ የስፖርት መምህር ነበር የሚመስለው። ፊሽካውን ነፋ፤ ሁሉም ገቡ።

አዴ ቀለሟ ቢላ ቀሩ። ወንዶቹ ሲመለሱ ሲሬ ላይ ሽሮ በሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አውቶቡሱ ወደ ጊምቢ ሲነሳ ማጉሊያው ለኬኔ ተሰጠ፤ እሷም ተቀበለችው።